በድሪ መሪውን ለምን ለቀቀ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከልጅዎ ከዘይኑዲን፣ ለማከብርዎና ለምናፍቅዎ አባቴ። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎን የያዘዎት ቁርጥማት ተሻለዎት ወይስ ለሱብሂ ሲነሱ አሁንም ግድግዳውን ይዘው ነው? እናቴስ ዓይኗ እንዴት ነው? የላክሁላት ጠብታ ደርሷት እንደሆነ አላወቅኩም። የጓሮው እንሰት፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ረዲያና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ በአካል ደኅና ነን። ደኅና ነን የምልዎ ቆመን ስለምንሄድ ነው እንጂ ቤታችን ደኅና ሆኖ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የአጎቴ ልጅ ሐምዛ ብቻ ያንብብልዎ። ሌላ ሰው ካለ ይውጣ። እናቴ ትስማ አትስማ፣ ሰምተው ሲጨርሱ እርስዎ ይወስኑ።

በጥር ወር ከዳሎቻ የመጣው ነጋዴ መልእክትዎን አድርሶኛል። «በድሪ አለቃው ፊት እጁን ለቆ በሞተር ሲጫወት ነው የወደቀው ይሉናል፤ እውነት ነው ወይ? እኔ ልጄን እንዲህ አድርጌ ነው ወይ ያሳደግኩት?» ብለዋል። ነጋዴው ይህን ሲነግረኝ አጠገባችን ሰው ነበርና ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እጁን ለቋል፣ እሱ እውነት ነው። ሲጫወት ግን አልነበረም። ለምን እንደለቀቀ የማውቀው እኔ ነኝ። ሦስት ወር ከእርስዎ ደብቄ የያዝኩትም እኔው ነኝ።

እንደሚያውቁት ወንድሜ በድሪ የመንግሥት ሥራ ከያዘ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በየገበሬ ማኅበሩ እየዞረ የቡና በሽታ ይመለከታል፤ ዛሬ መሰላ ከሆነ ነገ በደሳ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች የነዱት ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ ወደ ጋራዤ መጣና «ይህ ሞተር ወደ ግራ ይስበኛል፤ እጄን ትንሽ ካላላሁ የራሱን መንገድ ይሄዳል» አለኝ። እኔም ሳቅኩና «መንገዱ ነው፤ የበደሳ መንገድ መሐሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው» አልኩት። እሱ ግን «እኔ የምነዳው በቀኝ በኩል ነው። መንገዱ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀኝ ነበር የሚጥለኝ» አለኝ። ልጅዎ እንዲህ የሚያስብ ሰው ነበር፤ ባለሙያው እኔ ሆኜ ያሰበው እሱ ነው።

አባቴ፣ ጤነኛ ሞተር መሪውን ቢለቁለት እንኳ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወደ አንድ ወገን ካደላ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። መጀመሪያ ጭነቱን ጠረጠርኩ። የመድኃኒት መርጫውን ሁልጊዜ በግራ ጎን ነበር የሚያስረው፤ ጭነቷ ወደ አንድ ጎን የከበደባት አህያ እንዴት እንደምትሄድ እርስዎ ያውቃሉ። መርጫውን መሐል ላይ አሰርንለት፣ ሞተሩ ግን መሳቡን አልተወም። በሚቀጥለው እሁድ የጎማውን ነፋስ አየሁ፤ ደኅና ነው። ሲባጎ ወስጄ ከኋላው ጎማ እስከ ፊተኛው ድረስ ወጥሬ ብለካ የኋላው ጎማ አንድ ጣት ያህል ከመስመር ወጥቷል። ካቴናውን አላልቼ፣ ጎማውን አስተካክዬ፣ ዳዶውን አጠበቅኩ። በድሪ ሞክሮት ሲመለስ «ተሽሎታል፣ ግን አልዳነም» አለኝ።

በሦስተኛው እሁድ የፊቱን አካል በሙሉ ፈታሁት። መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ደኅና ነው። ከዚያ አንገቱ ላይ፣ መሪው ከሻንሲው፣ ማለት ከሞተሩ አጽም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያለውን ቀለም ብፍቀው ከሥሩ አሮጌ ብየዳ አገኘሁ። ከበድሪ በፊት የነዳ ሰው ጥሎት ሻንሲው ተሰብሮ ነበር፤ በይደው፣ ቀለም ቀብተው፣ ምንም እንዳልሆነ አድርገው ነው የሰጡት። አንገቱ ወደ ግራ ተጣሞ እንደተበየደ ቀርቷል፤ ብየዳው ራሱም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለው። «ይህ አይታረምም። ሻንሲው መቀየር አለበት፤ እስከዚያ አትንዳው» አልኩት።

አትንዳው ማለት ቀላል ነው። የስምሪት ኃላፊውን ሄዶ ቢለምነው «ሞተሩ ይሄዳል አይሄድም? ከሄደ ሥራህን ሥራ። ወደ ግራ ይስባል የምትለውን ከአንተ በቀር ያየው የለም» አለው። ስለ ብየዳው እንዳይነግረው ማን ፈታው ይባላል። የመንግሥት ሞተር በግል ጋራዥ መፍታት ያሳስራል፤ በዚያ ሰሞን አንድ የቀበሌያችን ሰው የመንግሥት ጎማ ቤቱ ተገኘ ተብሎ ታስሮ ነበር። በድሪ ስለ እኔ ብሎ ዝም አለ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ቀን የዘገየሁት። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ካላመኑህ አሳያቸው። የመሥሪያ ቤታችሁ ሾፌር ዋለልኝ በላንድሮቨር ከኋላህ ሲመጣ ጠብቀህ፣ ሜዳ ላይ ፍጥነትህን ቀንስና መሪውን ልቀቅ። ወደ ግራ ሲወስድህ በዓይኑ ያያል፣ ይመሰክርልሃል» አልኩት። እሱም «ብወድቅስ?» አለኝ። እኔ «በዝግታ ከሄድክ ምን ይጥልሃል? ወዲያው መልሰህ ትይዘዋለህ» አልኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ «ለዋለልኝ ቀድመህ እንዳትነግረው፤ ተመካክረው ነው ይሉሃል» ብዬ ጨመርኩበት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር አባቴ።

ኅዳር 11 ቀን ሐሙስ ከበደሳ ሲመለሱ በድሪ ከፊት፣ ላንድሮቨሩ ከኋላ ነበር። በዚያ ቀን ኃላፊው ራሱ ከዋለልኝ ጎን ተቀምጧል። በድሪ ይህን ሲያይ ጥሩ ቀን አገኘሁ ሳይል አልቀረም። ሜዳው ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ዞር ብሎ አያቸው፣ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ። መልሶ ሲይዘው ብየዳው ተለያየ፣ መሪው በእጁ ላይ ዞረ፣ ጭንቅላቱም ከትንሿ ድልድይ የድንጋይ ክንፍ ጋር ተጋጨ። ይህን የነገረኝ ዋለልኝ ነው። አብዱልቃዲር የሚባል ገበሬ ከማሳው ሮጦ መጥቶ፣ የበድሪን ጭንቅላት በኩታው አስሮ፣ በላንድሮቨሩ እስከ ከተማ ድረስ ጭኑ ላይ አስተኝቶ «አብሽር፣ አብሽር» እያለው መጣ። ወንድሜ ያንን እንኳ አልሰማም።

በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰዎች ለምርመራ ወደ ጋራዤ መጡ። አንደኛው ወረቀቱን ዘርግቶ «ይህን ሞተር ፈትተህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ብናገር ብየዳው ከመውደቁ በፊት እንደነበረ ይታወቅ ነበር። ልጆቼ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «አላውቅም» አልኩ፣ ፈረምኩም። እነሱም ሻንሲው የተሰበረው በመውደቁ ነው፣ የወደቀውም በራሱ ጥፋት መሪውን ለቆ በመጫወቱ ነው ብለው ጻፉ። ዋለልኝም ፈረመ። ያየው ይህንኑ ነው፣ አልዋሸም።

 አንድ ጧት ረዲያ፣ አልጋ ላይ የቀረውን በድሪን እያጠበችው «እሱስ አፍ የለውም፤ ያንተ አፍ ምን ሆነ?» አለችኝ። በዚያው ዕለት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። የተቀበለኝ ሰው አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ፋይሉ ተዘግቶ ሐረር ሄዷል። አላውቅም ብለህ ፈርመሃል፣ ዛሬ ደግሞ አውቃለሁ ትላለህ። የትኛውን ቃልህን እንመን?» ብሎ አሰናበተኝ። ለማሰር እንኳ አልፈለገኝም። ለዋለልኝም ነገርኩት፤ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና «ቢነግረኝ ኖሮ ከጎኑ እነዳ ነበር» አለኝ። እንዳይነግርህ ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ግን አልነገርኩትም።

ሞተሩን እንደገና በይደው፣ ቀብተው፣ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ገበያ መውጫው ላይ ሰውየውን አስቁሜ «ወደ ግራ ይስብሃል?» አልኩት። «ይስበኛል፤ መንገዱ ነው አሉኝ» አለ። የማውቀውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ በደሳ በእግሬ ልሂድ?» ብሎኝ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ስለ በድሪ ሁኔታ አልዋሽዎትም። ሐረር የነበረው ሐኪም የተጎዳው አንጎሉ ነው፣ እኛ የምንሠራለት የለም፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሙት ብሎናል። ዓይኑ ይከፈታል፣ ግን ማንን እንደሚያይ አናውቅም። ሾርባ በማንኪያ እንሰጠዋለን፣ ግማሹ ይፈሳል። ጀርባው ቆስሏል። ያደረግኩትን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጬ ነግሬዋለሁ። ይስማኝ አይስማኝ አላህ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር የለም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ አተነፋፈሱ ከብዷል። እዚህ ያለው ሐኪም ደረቱን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ አገር አምጣው፣ ሸሆቹ ዱዓ ያድርጉለት ያሉትን ሰምቻለሁ። አይችልም አባቴ፣ መንገዱ ላይ ይሞትብኛል። ሸሆቹ ባሉበት ሆነው ዱዓ ያድርጉለት፣ እርስዎ ግን ይምጡ። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ያውጡ፤ ሐምዛ እስከ አዲስ አበባ ያድርስዎትና በባቡር ሚኤሶ ድረስ ይምጡ፣ እዚያ ወርጄ እቀበልዎታለሁ። ጉልበትዎ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ባላውቅ ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። ሊያዩት ከሆነ ግን አይዘግዩ።

የእጮኛው የሙስሊማ ነገርም አለ። ከረመዳን በኋላ ኒካው እንዲታሰር ተቀጥሮ ነበር። ወደ አባቷ ሄደው ልጅቱን ከቃሏ ይፍቱልን። ጠብቂ የሚላት ሰው እንዳይኖር። የሸመነችለትን ጋቢ በሰው ልካ ነበር፣ አልብሰነዋል፤ ይህን ይንገሩልኝ።

በእኔ ላይ ያለዎትን ቁጣ በደብዳቤ አይላኩት፤ መጥተው በቃልዎ ይንገሩኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። በድሪ ግን ቀልደኛ አልነበረም፤ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ይናገሩ፣ ስሜንም ጠርተው ይናገሩ።

የእናቴን ጉልበት ስሜያለሁ። ለእህቴ ለሰዓዲያና ለባለቤቷ፣ ለአጎቴና ለቤተሰቡ፣ ይህን ለሚያነብልዎ ለሐምዛም ሰላምታዬ ይድረስ። ረዲያ እጅ ትነሣለች። ልጆቹም አያታችንን ሰላም በልልን ብለዋል። ከበድሪ የምጽፍልዎ ሰላምታ የለኝም።

ልጅዎ ዘይኑዲን
አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.