ለቤዛ የሚሆን ከረሜላ

ሰኔ 3፣ ከሰዓት በኋላ

ጋዋን እየዘመዘምኩ ነው። የሕፃናቱ ምርቃት ደርሷል፤ የመካነ ሰላም ልጅ ሁሉ በእኔ የስፌት መኪና በኩል ያልፋል። የራሴ ልጅ የቤዛ ብቻ ተቆርጦ ተቀምጧል። መምህሯ ዛሬ መጣች። በትሕትና ነው የነገረችኝ፦ ከረሜላ ይበተናል፣ ልጆቹ ይሻማሉ፣ ቤዛን ማን ይጠብቃታል፣ ያን ቀን ቤት ብትውልስ አለች። እሺ አልኳት። ስትሄድ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

እውነቷን ነው እኮ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ደሴ ያለው ዶክተር በሽታዋን ካወቀላት ወዲህ እንዲህ ነው ኑሯችን፦ የቤዛ ጉበት ፍሩክቶስ የሚባለውን ጣፋጭ አይችልም። ፍራፍሬ ውስጥ አለ። የስኳር ግማሹ እሱ ነው። ከቀመሰች ታስመልሳለች፣ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ትዝለፈለፋለች። አማቴ እማማ ዘነቡ ደግሞ ስኳር ተከለከለች ሲባሉ የፋብሪካው ብቻ መስሏቸው ከወግዲ ነጭ ማር አስመጡ። ንብ የሠራችው መድኃኒት ነው ብለው በማንኪያ አጎረሷት። ልጄ ሞታ ተነሣች።

መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል መግባት ነበረባት። አላስመዘግባትም። ከእኔ ዓይን ሥር ትዋል።

ሰኔ 6፣ ጠዋት

ቤዛ የከረሜላ ልጣጭ ትሰበስባለች። ከመንገድ አንሥታ ታሸተዋለች። ዛሬ ቀማኋት፤ አለቀሰች። እየተቆጣሁ ልጣጩን አነበብኩት፦ ስኳር፣ ግሉኮስ ሲረፕ... ግሉኮስ? ያ ለበሽተኛ የሚሰቀለው?

ለዶክተሩ ደወልኩ። ግሉኮስ ሌላ ነው አለኝ፤ ፍሩክቶስ የለበትም፣ ቤዛ ትችለዋለች። ጮቤ ልረግጥ ስል አቆመኝ። ልጣጩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው፣ ስለዚህ ያ ከረሜላ አይሆንም።

ቢሆንም ማስታወሻዬ፣ የሚፈቀድ ጣፋጭ አለ! እስከ ዛሬ የማውቀው ክልክሉን ብቻ ነበር።

ሰኔ 8፣ ምሽት 12 ሰዓት

ባሌ አዲሱ ከደሴ ገባ። መኪናውን ሳያቆም ጀምሮ ፊቱ ይስቃል። ከኪሱ ያማረ ከረሜላ አወጣ፤ «ከስኳር ነፃ» ይላል። ቤዛ እጇን ዘረጋች። ቆይ አልኩ። ጀርባውን አነበብኩ። ሶርቢቶል። ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?

ደወልኩ፤ ደግነቱ ዶክተሩ ስልኩን አነሣ። ሶርቢቶል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ፍሩክቶስ ይሆናል አለ። ማልቲቶልም አይሆናትም። መጨረሻው «ቶል» የሚል ስም ሲያጋጥምሽ እኔን ሳትጠይቂ አትስጫት አለኝ።

አዲሱ ተናደደ፤ ነፃ ነው ብለው ይዋሻሉ አለ። አልዋሹም። ስኳር የለውም። የልጄን ጠላት ግን በሌላ ስም ይዞታል። አዲሱ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። አሳዘነኝ።

ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

የሚሸጥ ከሌለ ልሠራው ነው። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው የግሉኮስ ዱቄት ብርቱካን ብርቱካን ይላል፤ አነበብኩ፣ ስኳር ገብቶበታል፣ መለስኩ። ሌላው ምንም የሌለበት ግሉኮስ ብቻ። እሱን ያዝኩ።

እንደ ስኳር አቀልጠዋለሁ ብዬ ምድጃ ላይ ጣድኩት። አረረ። ድስቴም አብሮ ሄደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እንደገና። ውኃ ጠብ ጠብ አድርጌ አራስኩት፣ ኮረሪማ ነሰነስኩ፣ በለስላሳ ቆርኪ ጠቅጥቄ ገለበጥኩት። ከሰል ካውያዬ አጠገብ አደረቅኩት።

8 ሰዓት። ጠጠር ሆነ!

9 ሰዓት። አንዷን ሰጠኋት። አላኘከችም፤ ትመጣለች። በየመሐሉ አፏን ከፍታ አላለቀም ብላ ታሳየኛለች። ዶክተሩ አዲስ ነገር ስትቀምስ ተከታተያት እንዳለኝ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። አላስመለሳትም። አላላባትም። ተጨማሪ ትጠይቃለች፣ ትነዘንዛለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኔ 13

እማማ ዘነቡ መጡ። ግሉኮስ ሲሰሙ አማተቡ። ለታመመ የሚንጠለጠለውን ለደህና ልጅ ማብላት በሽታን በስም መጥራት ነው አሉ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ቤዛ ቀደመችኝ። የሚያመኝ ነገር ስኳር ውስጥ አለ፣ ማር ውስጥ አለ፣ ሙዝ ውስጥ አለ፣ እዚህ ውስጥ ግን የለም አለቻቸው። ንብም ብትሠራው አለ አለቻቸው።

እማማ አንዷን አነሡ። ቀመሷት። ለካ ያን ማር ሲያስቡ ኖረዋል፤ እንባቸው መጣ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀይሜያቸው፣ ዛሬ እቅፍ አደረግኳቸው።

«አብሽሪ። እንግዲያስ ቆርኪውን ወዲህ በይው» አሉ።

ሁለታችን ስንጠቀጥቅ ዋልን። መምህሯን አስጠራሁ። የሚበተነውን ከረሜላ በሙሉ እኔ ላምጣ፣ ቤዛም ትመረቅ አልኳት። ቀምሳ ሳቀች፤ እሺ አለች። ጋዋኗን አሁን እሰፋለሁ።

ሰኔ 21፣ ከምርቃት መልስ

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅር በይኝ። የእኛ ከረሜላ በወረቀት በወረቀት ተጠቅልሎ ተበተነ። ቤዛ ተሻማች! ተጋፍታ፣ ወድቃ፣ ተነሥታ። ጋዋኗ ብብቱ ላይ ተተረተረ፤ በሰፋሁት ልብስ መቀደድ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ የአንዱ ልጅ አባት ከኪሱ የሱቅ ከረሜላ ዘግኖ በተነ። ደግ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል። አንዱ ቤዛ እጅ ገባ። ዘልዬ ተነሣሁ። እማማ ዘነቡ ነጠላዬን ጨምድደው አስቀመጡኝ። ተያት፣ እያት አሉ።

ቤዛ አየችው። አሸተተችው። ወደ ሰውየው ሄዳ ስኳር አለበት? አለችው። እንዴታ፣ ጣፋጭ ነው እንጂ አላት። መዳፉ ላይ መለሰችለትና ወደ ሽሚያው ተመለሰች።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነው። አሥር ጊዜ ልጽፈው እችላለሁ።

ሰኔ 23፣ ጠዋት

አስመዘገብኳት። አንደኛ ክፍል። ለት/ቤቱ ምን እንደማትበላ ነገርኩ፤ እሷም ከጎኔ ቆማ የረሳሁትን ጨመረች። መስከረም ላይ እስከ በሩ እሸኛታለሁ፣ ግቢ አልገባም። ወስኛለሁ።

እስከ በሩም አያስፈልግም ትላለች። እሱን እንኳ እናያለን።