የሠላሳ አንድ ቁጥር ነጂ፣ የአዳራሻችንም ምልክት ጠሪ የነበሩትን አባላችንን በሞት ስለማጣታችን

የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር መሥራች አባልና የጭነት ባቡር ነጂ የነበሩት ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበሩ ይህን ለአባላቱ፣ ለቀድሞ የባቡር ሠራተኞችና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ሲያሳውቅ ሐዘኑ ጥልቅ መሆኑን መግለጽ ይጠበቅበታል። ጥልቅ ነው። ለጊዜው ግን ሐዘን የሚባለው ገና አልደረሰንም፤ ድንዝዝ ብለናል። ይህን መግለጫ ለማዘጋጀት የተሰበሰበው ኮሚቴም ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ወንበር በማስተካከል ነው።

ባልደረባችን በ1961 ዓ.ም. በሎኮሞቲቭ አጣቢነት ተቀጥረው፣ በረዳትነት አልፈው፣ የጭነት ባቡር ነጂ ሆነዋል። የሥራ ጓደኞቻቸው «ጋሽ ቀስታ» ይሏቸው ነበር። ሲሚንቶ የጫኑ ፉርጎዎችን ከቆሙበት ሲያነሱ ባቡሩ መንቀሳቀሱን የሚያውቅ አልነበረም፤ ጣቢያው ወደ ኋላ የሄደ ነበር የሚመስለው። ወጣት ነጂዎች ሲያሾፉባቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ያልፏቸው ነበር። በአገልግሎት ዘመናቸው አንድም የፉርጎ መጋጠሚያ አልበጠሱም። ቸኩለው የበጠሱት ከአሿፊዎቹ መካከል ይገኛሉ፤ እነማን እንደሆኑ መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

በ1971 ዓ.ም. ሠላሳ አንድ ቁጥር የተባለው የኤሌክትሪክ ጭነት ሎኮሞቲቭ ተፈታቶ በመርከብ መጣና በጋራዡ ተገጣጠመ። ስድስት ጥንድ የብረት ጎማ፣ በሁለቱም ጫፍ የነጂ ክፍል፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኃይል የሚቀበሉ ሁለት ታጣፊ ክንዶች ነበሩት። በቀለሙ ምክንያት ሠራተኛው «ዳማው» አለው። ባልደረባችን ተረክበው ስንዴና ሲሚንቶ ሽቅብ፣ የብረት ማዕድን ቁልቁል ሲያመላልሱበት ኖረዋል።

በዚያው ዓመት ረዳት ነጂ ተመደበላቸው፤ ሁለቱ እስከ ጡረታ አልተለያዩም። በባቡር ሥራ ረዳቱ ከፊት የሚታየውን የምልክት መብራት ቀለም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ነጂው ያንኑ ቃል ይደግማል። አረንጓዴ እለፍ፣ ቢጫ ለመቆም ተዘጋጅ፣ ቀይ ቁም ማለት ነው። ቃላቸው ካልገጠመ ባቡሩ ይቆማል። ሁለቱ አንድ ጊዜ፣ እስከ ዛሬ ባልታወቀ ምክንያት፣ ተኳርፈው ክረምቱን ሙሉ ከቀይ፣ ከቢጫና ከአረንጓዴ በቀር ቃል ሳይለዋወጡ እንደሠሩ ይነገራል። ባቡሩ ግን በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ከገደል የተናደ ድንጋይ የዳማውን አንድ አፍንጫ ሰባበረው። ጋራዡም ከአገልግሎት የወጣች እህት ሎኮሞቲቭ አፍንጫ ቆርጦ ገጠመለት። የዚያኛዋ መስኮቶች ጠበብ ያሉ ስለነበሩ፣ ሎኮሞቲቩ ከዚያ በኋላ በአንድ በኩል ሲያዩት ሰፊ ዓይን፣ በሌላው በኩል ጠባብ ዓይን ነበረው። ባልደረባችን ወደ ባሕር ሲወርዱ በሰፊው፣ ሲመለሱ በጠባቡ ይነዱ ነበር፤ በጠባቡ በኩል ረዳታቸው አንገታቸውን አስግገው ምልክት ይፈልጉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሁለቱም በክብር ጡረታ ወጡ። ዳማው ጥቂት ከሠራ በኋላ በጓሮ ሐዲድ ላይ ቆሞ መለዋወጫው ለሌሎች ተወሰደ፤ በ2004 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ በእሳት ተቆረጠ። ባልደረባችን ሄደው ተመልክተዋል። ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው ምን አዩ ብለው ቢጠይቋቸው «ብረት» አሉ።

በ2006 ዓ.ም. የዳማውን ሞዴል ጨረሱ። ከእውነተኛው ሃያ ጊዜ ያነሰ፣ ከናስ ቆርቆሮ የተበየደ፣ በመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር የሚሽከረከር፣ አንድ ሰው ታቅፎት ሲነሳ ወገቡን የሚይዝ ሥራ ነው። ሌሎቻችን ለሞዴሎቻችን ኤሌክትሪክ የምንሰጠው በሐዲዱ በኩል ነው፤ ይቀላል። እርሳቸው ግን በማኅበሩ አዳራሽ ባለው ሐዲድ ላይ በሙሉ ሽቦ ዘርግተው፣ ክንዱ ሽቦውን እየነካ ኃይል እንዲወስድ አደረጉ፤ ሽቦውን የሚነካውንም ጥቁር ዘንግ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋዮች ሆድ አወጡ። አፍንጫዎቹንም አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ ዓይን አድርገው ሠሩ። የፋብሪካውን ፎቶግራፍ የያዙ ጎብኚዎች ስህተት መሆኑን ሲነግሯቸው «እውነትም ተሳስቻለሁ» እያሉ ይሸኟቸው ነበር።

ሥራው የተከናወነው በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መብላቱን ማኅበሩ በአክብሮት ያስታውሳል። ባለቤታቸው ሎኮሞቲቩን እስከ ዛሬ «ጣውንቴ» ይሉታል። «ጣውንትስ ባል ታጋራለች፤ ይቺ ጠቅልላ ወሰደችው» ሲሉ አዳራሹ ይስቅ ነበር፤ እርሳቸውም ሰምተው እንዳልሰማ ይሆኑ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ረዳታቸው በዓይን ግፊት ምክንያት ማየት ተሳናቸው። ከጎሚስታው በላይ ወዳለው አዳራሻችን መምጣትም አቆሙ፤ «መጥቼ ምን ልሠራ? ዕቃ ልሰብር?» አሉ። ባልደረባችን ቤታቸው ሄደው በክንዳቸው ይዘው አመጧቸው፤ የሎኮሞቲቩንም መቆጣጠሪያ በእጃቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘወትር ሐሙስ ነጂው ረዳት፣ ረዳቱም ነጂ ሆኑ። ባልደረባችን ከሐዲዱ ጎን ቆመው የአዳራሹን ትንንሽ የምልክት መብራቶች ይጠራሉ፤ ማየት የተሳናቸው ረዳታቸው ደግመው ይነዳሉ። በአዳራሹ ውስጥ ስለ አሠራራቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሰው ለማስደሰት ብለው አረንጓዴ ጠርተው አያውቁም። ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ እንግዶች ቆመው ሲጠብቁም እንኳ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው ይሉ ነበር። ረዳታቸው በየሳምንቱ የሚጠብቁት ነገር ይህ ሐሙስ ብቻ እንደነበር ከልጆቻቸው ተረድተናል።

ባልደረባችን ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ሁላችንም ለረዳታቸው «ቀላል ነው፣ ይድናሉ» ስንል ሰነበትን። በመጨረሻው ሳምንት የባልደረባችን ልጅ ይዛቸው ገባች። እርሷ እንደነገረችን፣ ረዳታቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ዛሬስ ምልክቱ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። አባቷም ጥቂት ተንፍሰው «ቢጫ ነው» አሉ። «ቢጫ» ብለው ደገሙ ረዳታቸው።

ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ ሎኮሞቲቩን ለማኅበሩ አስረክቧል። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በበኩሉ፣ ለመታሰቢያነት ክንዱ ታጥፎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ወስኖ አናጺ አነጋገረ። ውሳኔው በቅን ልቦና የተላለፈ ነበር። ረዳታቸው ሲነገራቸው አልተቃወሙም። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሐሙስ ብቻ እንዲነዱ ፈቃድ ጠየቁ። ኮሚቴውም ፈቀደ።

ባለፈው ሐሙስ ከተፈጸመው በኋላ ኮሚቴው የሣጥኑን ውሳኔ ሽሯል። ሎኮሞቲቩ በሐዲዱ ላይ ይቆያል፤ ሐሙስም ሐሙስ ነው። አናጺው ቆርጦ ያዘጋጀው መስታወት ለአዳራሹ የተሰበረ መስኮት ይውላል። ዓይናቸው ደህና የሆነ አባላት በተራ ምልክት እንዲጠሩ ተጠይቀዋል፤ እያንዳንዱም በገዛ ድምፁ ይጠራል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእህታቸውና አብረዋቸው ለሠሩት ሁሉ፣ እንቅልፍ የሚመለስበት ጊዜ ቅርብ እንዲሆንላቸው ማኅበሩ ይመኛል። ባለቤታቸው ጣውንታቸውን ለማየት በመጡ ቁጥር ወንበር ይጠብቃቸዋል።

ለረዳታቸው የሚሆን ቃል ኮሚቴው ፈልጎ አላገኘም። ስለዚህ የሐሙሱን ነገር እንዳለ ያሰፍራል። ረዳታቸው በቦታቸው ቆመው መቆጣጠሪያውን ያዙ። ምልክት እንዲጠሩ የተመደቡት የማኅበሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሽማግሌውን ያጽናኑ መስሏቸው የሟቹን ድምፅ አስመስለው፣ እንደ እርሳቸው ቃሉን ሳብ አድርገው «አረ–ን–ጓዴ!» አሉ። ድምፁ ቁርጥ የእርሳቸው ስለነበረ ከኋላ የቆሙት ሴት አባል አፋቸውን ያዙ። ሠራተኛው ግን ዓይናቸውን የጣሉት በረዳቱ ፊት ላይ ስለነበር መብራቱን አላዩም ነበር። ባቡሩን ለማስነሣት ምልክቱ ሲለወጥ ሐዲዱ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ዕለት ግን ምንም አልተሰማም።

ረዳታቸው ቃሉን አልደገሙም። እጃቸውም አልተንቀሳቀሰም።

«አትድከም ልጄ» አሉ። «እሱ ሞቷል። ለእኔ ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ያንኑ ንገረኝ።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዞረው መብራቱን ተመለከቱ። «ቀይ ነው፣ ጋሼ» አሉ በራሳቸው ድምፅ።

«ቀይ» ብለው ደገሙ ረዳታቸው፤ መቆጣጠሪያውንም እንደያዙ ቆመው ጠበቁ።

የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ