አበባ የያዘ ይሁዳ

...ሰይጣኑን እየሳለ ነበር አባባ፣ መሰላሉ ላይ ቆሞ። የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተቀምጬ አንጋጥጬ አየዋለሁ። «ሌላኛው ዓይኑስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ብሩሹን አቆመ። ወደ ታች አየኝና አንድ ነገር አለኝ፤ ምላሴ ላይ ነው፣ ግን...

ይቅር በይኝ እማዬ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ። እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ ተቀቢው። ለእትዬ እታገኘሁ አታካፍያት፤ የእሷ ጉልበት ከእኔም ይሻላል። እኔ ደህና ነኝ። ኦስሎም ደህና ናት፤ በረዶው ቀልጦ እዚህ ሮመን ሰፈር ያሉ ልጆች ክረምቱን ሙሉ የጠፋባቸውን ጓንት ከሣሩ ላይ እየለቀሙ ነው።

የድምፅ መልእክትሽን ደጋግሜ ሰማሁት። ያልደወልኩልሽ ስለምትጮሂብኝ ነው። ለደብዳቤ ብትጮሂም አልሰማም።

ያ ወሬኛ የእህትሽ ልጅ ታደገ ሁሉንም ነግሮኛል። የማገባውን ሰው ፎቶ ላኪልኝ ብትዪኝ፣ ከፎቶ ሥዕል ይከበራል ብዬ የኪዳንን ሥዕል ላክሁልሽ። ፖስታውን ጎረቤት ሰብስበሽ ከፈትሽው። እትዬ እታገኘሁ ወረቀቱን ገልብጣ ሁለተኛውን ዓይን ከጀርባው ፈለገች፤ «እዚህም የለም» አለች አሉ። አንቺ ደግሞ በመልእክትሽ፦ «የሠዓሊ ልጅ መሆኗን ረሳችው? ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሃዲ ባንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ሙሽራ አሳዪኝ ብላት ይሁዳ ትላክልኝ? ያውም አበባ የያዘ ይሁዳ! በዚያ ላይ የብርሃን አክሊል ደፍታለት!»

ከዚያ የመጨረሻው ቃልሽ። «ሁለት ዓይኑን ፊት ለፊት ሳላይ ምርቃት የለም።» ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እማዬ። ሳትመርቂኝ እንደማላገባ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ላስረዳሽ።

ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአረጋውያን ቤቱ ሥራዬ ስወጣ የሥዕል ትምህርት እሄዳለሁ። አስተማሪያችን ኡምኩልሱም ህንዳዊት ናት። የሀገሯ ነገሥታት በግቢያቸው ሠዓሊ ቀጥረው ያሠሯቸውን፣ ከመጽሐፍ ገጽ የማይበልጡ የጥንት ሥዕሎች ታስተምረናለች። መጀመሪያ ብሩሽ አላስነካችንም። እዩ ብቻ፣ በማጉያ መነጽር። ማጉያው ስላልበቃ እኔና ኪዳን ለሁለት አንድ ደረሰን። «አንቺ ያዢው፤ ለእኔ ግማሹ ይበቃኛል» አለኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

ብታያቸው! የዝናቡ ደመና ጥቁር ነው፤ መብረቁ በወርቅ ቀለም እንደ ክር ተስቦበታል። ንጉሡ ጽጌረዳ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ባለሟሉ፣ ወታደሩ፣ ዝሆኑ ሳይቀር አሽትቶ እስኪጨርስ ቆመው ይጠብቁታል። አበባው ላይ ያለው ጠል እንኳ አልተረሳም፤ በማጉያ ካልሆነ አይታይም። ማን ያየዋል ብሎ ሳለው? ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

እና አብዛኛው ሰው በጎን ነው። ንጉሡ፣ ልጁ፣ ጭልፊቱም። ባንድ ዓይን። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማተብኩ። ይህ ሁሉ ይሁዳ ባንድ ግቢ ውስጥ! ኪዳን ሳቀብኝ። ለካ በእነሱ ዘንድ ነገሥታት በጎን መሳላቸው ክብር ነው። የብርሃኑም አክሊል የንጉሥ ነው፤ ለኪዳን የደፋሁለት ከራሴ ነው፣ እሺ፣ እሱን አበዛሁት።

ደግሞ ይህን አስቢው። የአባባ ቅዱሳን ፊት ለፊት የሚያዩት አንቺን ነው። በጎን የተሳለ ሰው ግን ሥዕሉ ውስጥ ካለው ሰው ላይ ዓይኑን አያነሳም። ከኪዳን ፊት ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ አይተሽዋል? የእኔ ነው። ስትመርቂኝ እገባበታለሁ።

አንድ የፑንጃብ ንጉሥም ነበር። በልጅነቱ ፈንጣጣ አንድ ዓይኑን ወስዶበት፣ ሠዓሊዎቹ ብዙ ጊዜ በደህናው በኩል ይስሉት ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከነገራችን ጋር አይገናኝም። ብሰርዘው ወረቀቱ ይበላሻል።

ኪዳን ደግ ሰው ነው። ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት መዋያ ይሠራል። ልጆቹ የባሕር ወንበዴ ነህ ወይ ይሉታል፤ «ያ፣ ያ» ይላቸዋል፣ አዎ አዎ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ይፈነጩበታል። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል እሆናለሁ። ቤት ሲገባ የግራ ትከሻው የበሩን መቃን ይመታል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ጠዋት መልእክትሽን ስሰማ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ይሁዳው ላይ ሲደርስ ከልቡ ሳቀ። የመጨረሻው ቃልሽ ላይ ግን «እናትሽ ልክ ናቸው» አለ። «ስትስይኝ ለምን በቀኜ ተቀመጥሽ?» አለኝ። ብርሃኑ በዚያ በኩል ስለነበረ ነው አልኩት። መስኮቱ በግራው ነበር። እሱም ያውቃል። ኮቱን ለብሶ ትቬይታ የገበያ ማዕከሉ ፎቶ ሊነሳ ሄደ። ፊት ለፊት።

አሁን መጣልኝ አባባ ያለኝ። «ሌላው ዓይኑማ በወዲያኛው በኩል አለ፤ ስለማንወደው ነው የማናየው» ነበር ያለው። ይህንኑ ስለ ኪዳን ልጽፍልሽ ነበር። በወዲያኛው በኩል አለ ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ።

ፎቶው ሲደርስሽ ብቻሽን ክፈቺው፤ እትዬ እታገኘሁን ገበያ ላኪያት። ቶሎ አትናገሪ። ቆይተሽ እዪው፣ በማጉያ እንደሚታይ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርገው፤ ሠርጌ ላይ አንቺን ከፊት ወንበር ያስቀምጥልኝ።

እንደ አባቷ መሳል ያልሆነላት ልጅሽ

ደረጃው ላይ ኮቴ እሰማለሁ። እሱ ነው። ትከሻው መቃኑን መታው። በሩ ተዘጋ።