በአባባ የግብር ቅጽ ላይ ያደረግሁት ምልክት

ማርች 9
እኔ ታይሚ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከሁለት ሳምንት የሆነኝ፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ የምናዘዘው አንድ ኃጢአት አለ። ዛሬ የአባባን የግብር ቅጽ ስሞላ አንዲት ምልክት በራሴ ሥልጣን አኑሬያለሁ።

አባባ ኮምፒውተር አይነካም። በየዓመቱ እሱ ወረቀቶቹን ከብስኩት ቆርቆሮ እያወጣ ያነባል፣ እኔ እሞላለሁ። ያቺ ጥያቄ ጋ ደረስን። ስለ አካል ልገሳ መረጃ እንዲልኩልህ ስምህንና ኢሜይልህን ለክፍለ ሀገራችን ለኦንታሪዮ መንግሥት እንስጥ ወይ?

"ግብሩ አልበቃ ብሏቸው ኩላሊቴንም!" አለ። "እለፊያት።"

"መረጃ ብቻ እኮ ነው አባባ። መመዝገብ አይደለም..."

"እንደ መጣሁ ሙሉ ሆኜ ነው የምሄደው። እለፊ አልኩሽ!"

ሙሉ? ጥርሱ ብርጭቆ ውስጥ፣ ሐሞት ከረጢቱ ከወጣ ሠላሳ ዓመቱ... አለፍኳት? "አዎ" የሚለውን ነካሁ። ላክሁት።

ማርች 10
ለምን? በጋሽ አርማስ ምክንያት። የአባባ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት፣ ለንቅለ ተከላ ሁለት ዓመት ወረፋ። ባለፈው በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ በረዶውን በስተው ሲያጠምዱ መንጠቆ መያዝ አቃታቸው። አባባ "ሰነፍ! ዓሣው አንተን ይያዝህ እንዴ?" ብሎ ሰደባቸው። ከዚያ ባልዲያቸውን እስከ መኪናው ተሸከመላቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ማርች 31
ኢሜይሉ መጣ! አድራሻው የአባባ ነው፣ አንባቢዋ እኔ። ለመመዝገብ የጤና ካርድ ቁጥርና የልደት ቀን ይበቃል። ካርዱ ደግሞ ኮቱ ኪስ ውስጥ...

ኤፕሪል 4
ካርዱን ወሰድኩ። ቁጥሩን አስገባሁ። አንድ ቁልፍ ብቻ ቀረኝ። ጣቴ እምቢ አለ። የሰው አካል እኮ ነው! ዘጋሁት።

ኤፕሪል 5
ነገርኩት። ምልክቷንም፣ ካርዱንም። ይጮሃል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። ባሰ።

"የራስሽንስ አደረግሽው?"

"የምኔን?"

"አሥራ ስድስት ሞልቶሻል፣ ይፈቀድልሻል። ሰው ኪስ ከመግባትሽ በፊት የራስሽን አታደርጊም?"

የራሴን አካል? እኔ!

ኤፕሪል 12
ሳምንቱን ሙሉ ገጹን ስከፍት፣ ስዘጋ። የምሞት መስሎኝ... ለአባባ ሲሆን እንዴት ቀለለኝ? ዛሬ ከትምህርት ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ተጫንኩት። ሰማዩ አልወደቀም። "ተመዘገብኩ" ብዬ ነገርኩት። "እህ" ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

ኤፕሪል 13
አባባ ኮምፒውተሬ ላይ! ከሳውና እንደወጣ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ፣ በአንድ ጣት ይወቅጠዋል። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነው የምጽፈው። የጤና ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያቺ ገጽ ናት? ናት! ለጋሽ አርማስ ላይደርስ ይችላል፣ ለማናውቀው ሰው ይሆናል... ይህንንም ያውቃል። አሁን ቆመ። ስክሪኑን ይሳደባል። ወለሉ ሲጢጥ አለብኝ።

"ዓይንም ይጨመር ወይ ይላል እዚህ" አለ ሳይዞር። "የኔን ዓይን ደግሞ ማን ይፈልገዋል? አንቺ ከበሩ ጀርባ ያለሽው... ታይሚ!"