ጩኸቷን ያጠፋሁባት ፊያት

ታኅሣሥ 5 ቀን 1970፣ ረቡዕ

የአንድ ኦፔል ክላች ቀየርኩ። ብረት ጨምቆ የሚይዝልኝ የሞርሳው መጥበቂያ ዝጎ ነበር፣ ቅባት ቀባሁት፤ አሁን ያለ ድምፅ ይዞራል። ምሳ ዘገየ፤ ተቆጣሁ፤ ዘሙሩድ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሃያ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት እንዲህ ናት፣ የምትጣላው ሰው ታጣለህ።

ከሰዓት የወንድይራድ ፊያት ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ወረደች። መታጠፊያው ላይ እንደ ልማዷ ጮኸች... የፍሬኗ ታምቡሮች አልቀዋል። እስከ ሲግናል ሰፈር ድረስ ይሰማል። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ሆኖ፣ ከነጋዴ የወረሳትን መኪና እንዲህ እያስለቀሰ ሲነዳ አያፍርም? እኔ ግን አፍራለሁ። በጋራዤ በር ነው የሚያልፈው። እዚህ ሰፈር መካኒክ የለም ወይ ይሉኛል።

ስትጮኽ መንደሩ በሩን ይዘጋል። ይፈሩታል። እኔ ምን ያስፈራኛል?

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ

ወንድይራድ ከእንጦጦ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። ታምቡሩ ሲግል መያዝ ይተዋል፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ባሕር ዛፍ የጫኑ ሁለት አህዮች ጨፍልቆ ቆመ። አንዷ ወዲያው አልሞተችም፤ በሽጉጥ ጨረሳት። ባለቤታቸው አለቀሰች ብሎ በሽጉጡ እጀታ አፏን መታት፤ ጥርሷ ወለቀ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየሳቀ ነው፣ ያዘዝኩለትን ሻይ እየጠጣ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

"ጋሽ ጀማል፣ ይቺ መኪና ትገድለኛለች።"

"ዲስክ ላስገባልዎት?" አልኩት። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው፣ እርስዎ ነው የምለው። "የፊቶቹን ታምቡር አውጥቼ እጥለዋለሁ። ይይዛል። አይጮኽም።"

"ምን ዓይነት ነገር ነው?"

"ሳህን የመሰለ ብረት ከጎማው ጋር ይዞራል። ፍሬን ሲረግጡ ከሁለት ወገን ይነክሰዋል።"

"ይነክሰዋል..." ወደደው። ሐሳቡ የኔ ነው። እስካሁን በዚህ ሰፈር የሠራው ሰው የለም።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

ዲስክ ያላት ሌላ ፊያት ቀበሌው ግቢ ቆማ አገኘሁ። የፊት መስታወቷ በጥይት ተበሳስቷል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ደም ደርቆ ጠቁሯል፣ ዝንብ ወሮታል። ወለሉ ላይ አንድ እግር የሴት ጫማ አለ። የማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም።

ዲስኮቹን፣ ነካሾቹን፣ የፍሬን ፖምፓውን ፈታሁ። ከጓሮው ክፍል ሰው ይገረፋል። እንዳልሰማ ብዬ ብሎን ስፈታ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ... አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት... ሰማሁት እንጂ። ዕቃው ግን ደህና ነው፣ ዲስኩን የሚነክሰው ሸራም አላለቀም።

ታኅሣሥ 18፣ ማክሰኞ

ጨረስኩ! ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ለቀቅኳት፤ መታጠፊያው ላይ ረገጥኩ። ቀጥ! አንዲት ድምፅ የለም። ወንድይራድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እጅህን ይባርከው ጋሽ ጀማል።"

ሮጬ ለዘሙሩድ ነገርኳት። የያዘችው ድስት ከእጇ ወደቀ።

"ዝም አለች?"

"ወላሂ ጭጭ!"

ልጃችንን ሰብሪያን አየቻት። ሰብሪያ ተነስታ ወጣች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ካቆመች ወዲህ ፊቷ አይፈታም። ምን ሆኑ? ለደከመ ሰው እንኳን ደስ ያለህ አይባልም?

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

ገረሱን ገደሉት። የጎረቤታችንን የእትዬ ጂቱን ልጅ። በቀትር።

ግቢ ውስጥ ፊቱን በሳሙና ይታጠብ ነበር። የወንድይራድ መኪና በሩ ላይ ስትቆም ማንም አልሰማም። አረፋው ዓይኑ ላይ እንዳለ ሦስት ጊዜ ተኮሱበት። እናቱን ሬሳው አጠገብ አቁመው እንዳታለቅሺ አሏት።

ሲሄዱ እናቱ ጋራዤ በር ድረስ መጣች። ነጠላዋ ሁሉ ደም። "ኢልማ ኮ! ልጄን! እጅህ ይቆረጥ ጀማል! ያ እጅህ ይቆረጥ!"

አልገባኝም። ቤት ገብቼ እኔ ምን አደረግኩ ብዬ ጮህኩ። ዘሙሩድ በጥፊ አጮለችኝ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያዋ ናት።

"ስትጮኽ ነበር የሚሮጡት! ከመታጠፊያው እስከ ደጃችን ሦስት ደቂቃ አለ። ገረሱም፣ ሰብሪያም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያች ነው የሚያመልጠው!"

"ሰብሪያ?"

"ስሟ እነሱ ዘንድ ከሚፈለጉት ጋር ተጽፏል። ሁለት ወሩ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ከሱ ጋር ሻይ ለሚጠጣ ሰው?"

ታኅሣሥ 21፣ ዓርብ

መገናኛ ኬላ አለ። በኮተቤም አለ። የእንጦጦን ጫካ ያስሳሉ። ሰብሪያን ወዴት ላድርጋት? ይህን ደብተር አሮጌ ባትሪ ሥር ደበቅኩት።

ታኅሣሥ 26፣ ረቡዕ

አዲስ ሥራ ነው፣ ብሎን ላጥብቅ ብዬ መኪናዋን አስመጣሁ። ብቻዬን ቀረሁ ከሷ ጋር።

የፍሬን ቧንቧውን ባላላውስ? እንጦጦ ላይ ገደል ይገባል። አንገቱ ሲሰበር ታየኝ። ደስ አለኝ፤ ደጋግሜ አየሁት። ግን ከኋላ ወንበር ሁልጊዜ የታሰረ ሰው አለ። እሱ ቢሞት ደግሞ ሰፈሩን ይፈጁታል።

ከሸራው ጀርባ ድምፅ የምታፍን ስስ ቆርቆሮ አለች። አወጣኋት። የአራቱንም ሸራ። ቅባቱን ጠረግኩ። ፍሬኑ ይይዛል፣ ግን እንደ ድሮው ይጮኻል። ቆርቆሮዎቹን ሽንት ቤት ጣልኳቸው።

ጥር 2፣ ማክሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ያስቃል።

ቅዳሜ ወንድይራድ ከነሰዎቹ መጣ። ጋሽ የሚለው ቀረ።

"ለማን ነው የምታስጮኻት?"

"ዲስክ ነው ጌታዬ። ሲደርቅ ይጮኻል።"

ቀኝ እጄን ሞርሳው ውስጥ አስገቡት። ራሱ አዞረው። ያለ ድምፅ ይዞራል... የቀባሁት እኔ። አንድ ዙር፣ ይጠይቀኛል። ሌላ ዙር፣ ይጠይቀኛል። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። ዲስክ ነው፣ ዲስክ ነው... ሌላ ቃል ጠፋኝ።

ሦስት ጣት ከእንግዲህ አይሠራም አለኝ ሐኪሙ። ወንድይራድ መኪናዋን መገናኛ፣ አብዱልናስር ጋራዥ ወሰዳት። አብዱልናስር የሚያውቅ መካኒክ ነው። ጎማውን እንዳወጣ ይገባዋል። ያኔ አለቀልን።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

አብዱልናስር ሊጠይቀኝ መጣ፣ ብርቱካን ይዞ። በአንድ ደንበኛ ተኳርፈን አራት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር።

"ጎማውን አወጣሁ" አለ። "አየሁ። ቆርቆሮዋ የለችም።"

በሩን በግራ እጄ ገፍቼ ዘጋሁት።

"ወንድይራድ ሽጉጡን እዚህ ደቅኖብኛል።" ማጅራቱን ነካ። "የዲስክ ጠባይ ነው ጌታዬ፣ የትም ቢወስዷት ያው ነው አልኩት። ጎማውን መለስኩ።"

"ሆን ብዬ እንደሆነ በምን አወቅህ?"

"ያንተ እጅ ቆርቆሮ አይረሳም።"

አልሐምዱሊላህ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ብርቱካን ይልጥልኛል።

ጥር 15፣ ሰኞ

ምሳ ላይ ነበርን። ቀኜ አይጨብጥም፤ ዘሙሩድ ታጎርሰኛለች። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ጮኸች።

ሰብሪያ በባዶ እግሯ በጓሮ ወጣች። ዘሙሩድ የሰብሪያን ሳህን አነሳች። መቁጠር ጀመርኩ። መቶ ሰባ ላይ በሩን ሰበሩት። ፍራሹን በሳንጃ ተረተሩት። ዘሙሩድን ሆዷን ረገጧት። የተጠቀለለ እጄን በሰደፍ መቱኝ፤ ወደቅኩ። አላገኟትም። ሄዱ።

ሰብሪያ ስትመለስ ፀጉሯ አፈር ለብሷል። የት ነበርሽ አልኳት። አሁን ይነገረኛል። እትዬ ጂቱ ቤት፣ አልጋው ሥር። ለገረሱ የቆፈረችለት ጉድጓድ አለ። ክዳኑን የከፈተችላት ራሷ ናት፤ እስኪሄዱም አልጋው ላይ ተጋድማ ቆየች።

ልጇ ከሞተ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም ነበር። ዛሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። እጄን አየችው፤ ብዙ አየችው።

"ጠበባት ወይ?" አለችኝ። "በገረሱ ልክ ነው የቆፈርኩት።"

"ይበቃታል" አልኳት።