ከሁሉ በኋላ በር ያልፉ የነበሩት የወይዘሮ ቶማሲን ትሬዊን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቶማሲን ትሬዊን ከአባታቸው ከቄስ ሂዩ ፔሎውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ግሬስ፣ በኮርንዎል፣ ፖልማርዝ በተባለች የባሕር ዳር መንደር በ1719 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበሩ ከሁሉ በኋላ በር ማለፍን የለመዱት ገና ከቤታቸው ነው። ከአባታቸው ላቲን ተምረው የጥንት ጀግኖችን ገድል በቃላቸው ይወጡት ነበር። ይህ ለሴት ልጅ ምን ይረባል እየተባሉ አደጉ።

በ1738 ዓ.ም. ወላጆቻቸውን በፈንጣጣ ስላጡ በእመቤት ኦገስታ ቤት አጫዋች ሆነው ገቡ። ሥራቸው መጽሐፍ ማንበብ፣ የእመቤቲቱን ውሻ መታቀፍና ከእመቤቲቱ በኋላ ማለፍ ነበር። የታቀፉት ውሻ እንኳ በአፍንጫው ይቀድማቸው ነበር።

በ1744 ዓ.ም. የገና ራት ላይ እመቤት ኦገስታ በባላቸው ማዕረግ፣ ጎረቤታቸው እመቤት ሌቲሺያ በአባታቸው ማዕረግ እቀድማለሁ ብለው ወደ አዳራሹ እኩል ተነሡ። በዓሣ ነባሪ አጥንት የተወጠረው ቀሚሳቸው አንዱ ብቻውን በሩን ይሞላ ነበርና ሁለቱም መሐል ላይ ተቀረቀሩ።

“እቴ፣ አንቺን አስቀድሜ ሰው ምን ይለኛል!”

“የአባቴ የማዕረግ ጋሻ የተሰቀለው የባልሽ አያት ጫማ ሳያደርግ ነው፤ ፈቀቅ በይ!”

እመቤቶች ገብተው ሳይቀመጡ ሙዚቃ ማቆም ነውር ነበርና፣ ቫዮሊን መቺው ጃስፐር ትሬዊን “ኧረ በፈጠራችሁ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው!” እስኪል ድረስ መታ። በመጨረሻ የበሩ መቃን ተነቅሎ ሁለቱ እኩል ገቡ። ወይዘሮ ቶማሲን ከኋላ ገቡና፣ የጀግኖቹን ገድል አስታውሰው ይህን ገጠሙ፦

ምድሩ ተናወጠ፣ ሰማዩ ጨለመ፣
በአንድ በር ላይ ቀሚስ ከቀሚስ ገጠመ።
ወይ ሾርባ! ወይ ሾርባ! ሳይቀመስ በረደ፣
የስንቱ ጀግና ሆድ በረሃብ ነደደ።

ግጥሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እመቤት ኦገስታ እጅ ገባ። ወይዘሮ ቶማሲን መሄጃ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ቤት ቀጥሎ ያለው ጎዳና ነው። ልብሳቸውን ጠቅልለው እመቤቲቱ ፊት ቀረቡ።

“ቶማሲን፣ አስለቀስሽኝ! ጀግንነቴን ያየልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ግን ለዚያች ሴትዮ ይህን ሁሉ ስንኝ ምን ነክቶሽ ሰጠሻት?”

እመቤት ሌቲሺያም በበኩላቸው የእኔ ስንኝ አነሰ ብለው ሰው ላኩ። ወይዘሮ ቶማሲንም እንጀራቸውን ላለማጣት፣ ለአንዷ ሲጨምሩ ለሌላዋም እየጨመሩ ግጥሙ ከዓመት ዓመት ረዘመ። ስድቡን ምስጋና ነው ብሎ የሚያስጨምር ጌታ ከተገኘ ባለቅኔ ጦሙን አያድርም።

በ1747 ዓ.ም. ከአቶ ጃስፐር ጋር ጋብቻ መሥርተው ሂዩንና ሎቭዴይን አፈሩ። በሠርጋቸው ቀን ሁለቱ እመቤቶች በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲገፋፉ ሙሽሪት ዝናብ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሲስቁ ዋሉ። ማታ ግን ለባላቸው “ጃስፐር፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ብቀድም ምን ነበረበት?” አሉ። እንዲህ ሲሉ የተሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም አለቀሱ።

በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ መጋቢት 3 ቀን 1779 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ሊያርፉ ሲሉ ልጆቻቸውን “ሁለቱንም እመቤቶች ጥሯቸው፤ አደራ፣ እንዳይቀሩብኝ” ብለው አዘዙ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ፈገግ ግን ብለዋል።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ክብርት እመቤት ኦገስታና ክብርት እመቤት ሌቲሺያም ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ይህን ሁሉ በድፍረት አንብበናል።

የሰማይ በር ጠባብ ነው ይባላል፤ እርሳቸው ግን ቀሚሳቸው ጠባብ ነበርና አይቸገሩም። ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን።

አሁን ተነሥተን ወደ መቃብሩ እንወጣለን። ወይዘሮ ቶማሲን ይቀድማሉ።