ስለ ተኮሰችው ሞተር ብስክሌትዎና ስለ ረገጣት የሱፍ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ስማቸው፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ደሴ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ሞተር ብስክሌትዎ እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ የደሴን ዳገት በእግርዎ እንደሚወጡ ስለሰማሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጉልበትዎ ዱዓ አድርጌአለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጥቁሩ ዘይት ከጥፍሬ ሥር አልወጣም እንጂ። ሂስ የአብዮተኛ መድኃኒት ነው ብለው በየስብሰባው ስላስተማሩን፣ ይህ ደብዳቤ በእሑዱ ጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሞተር ብስክሌትዎን እየገፉ ግቢዬ ድረስ አምጥተው፣ ጥገናው ለሰፊው ሕዝብ የማደርገው የጉልበት መዋጮ መሆኑን ሲነግሩኝ ኮርቻለሁ። ሰፊው ሕዝብ በአንዲት ሞተር ብስክሌት ላይ ተጠቃሎ እንደሚቀመጥ እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። የመካኒክነት ትምህርቴ አንድ የጣሊያን መጽሐፍ ነው፤ ጣሊያንኛ ስለማላውቅ የተማርኩት ከሥዕሉ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁሉ ነገር ንጹሕና ታዛዥ ነው። የእርስዎዋ ግን ዳዶዎቿ ከዝገቱ ጋር አንድ ሆነው አንዱን ስፈታ ሌላው እየተሰበረብኝ፣ ቤንዚኑን በአፌ እየሳብኩ፣ የእህቴ የሳፊያ ሽሮ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን እያለኝ ከረምኩ። በመጨረሻ የሳፊያ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው የሱፍ፣ አዘነልኝና በዕረፍቱ እየመጣ ያግዘኝ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ያሉኝ ቅሬታዎች ጥቂት ናቸው፤ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ጁምዓ ከስግደት መልስ ሞተሯን ገጣጥመን፣ የኋላ ጎማዋ ገና ሳይገጠም በድንጋይ ላይ እንደቆመች፣ የካንዴላዋን እሳት በግምት አስተካከልኩና የሱፍን ርገጣት አልኩት። ረገጣት። ከመነሣት ይልቅ በጭስ ማውጫዋ፣ በማርሚታዋ በኩል ተኮሰች። መንደሩ በሙሉ መሬት ላይ ተኛ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ትርፌ አልጋ ሥር ገብተው ነበር፤ እስከ ዛሬ የዶሮ እንቁላል እየፈለግሁ ነበር ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ዘንድሮ ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ቆሞ የሚቀር ደንቆሮ ብቻ ነው። ወዲያው እነዚያው ሁለት ጠባቂዎች ጠመንጃ ደግነው ደረሱ፤ የተኮሰችው ማን እንደሆነች ሲያዩም ደነገጡ። እርስዋን እንዳይዟት የእርስዎ ናት። ስለዚህ የረገጣትን ይዘው ሄዱ። እሳቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እስከ በሩ ድረስ ብከተላቸውም፣ ተራዬን እንድጠብቅ በአክብሮት ነገሩኝ።

፪. ካቻቢቴዬም ሹል መሣሪያ ተብሎ ተይዟል። የቀረውን ሥራ በሽንኩርት ቢላዋ ጨርሻለሁ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ ካቻቢቴ እናት የለውም።

፫. ሳፊያ በየቀኑ ወደ ቀበሌው ምግብ ታመላልሳለች። ሰሐኑ ባዶውን ሲመለስ ቤታችን ዒድ ይሆን ነበር። ትናንት ግን የቋጠረችበት ጨርቅ ሳይፈታ፣ እንደሄደ ተመለሰ። የበሩ ጠባቂ አልራበውም ብሎ ሰደዳት። ጓድ ሊቀ መንበር፣ የሱፍን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የራሱን ጨርሶ የሌላውን ሰሐን የሚያይ ልጅ ነው። ያልራበው የሱፍ አይቼ አላውቅም። እህቴ ሰሐኑን ወለሉ መሐል አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ የሚበላውም፣ የሚደፋውም፣ ከዚያ የሚያነሣውም ሰው ጠፍቷል። በዚህ ዓመት እንደሄደ የተመለሰ ሰሐን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ቤት በከተማችን የለም።

ሌሎች ቅሬታዎችም ነበሩኝ፤ ቀልድም አዘጋጅቼ ነበር። እዚህ ላይ አለቀብኝ። ልጁ እርስዎ ግቢ ካለ ይልቀቁልን፤ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ ከሆነም እናቱ ምግቡን የት ይዛ እንደምትሄድ ይንገሯት።

ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና በተለይ ለእንቅልፍዎ ዘወትር የምጨነቅ፣ ደመወዝ የሌለው መካኒክዎ፣ የሳፊያ ወንድም፣ የየሱፍ አጎት፣

ሀምዱ ሙሄዲን

ጥር ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሞተር ብስክሌትዎ ተጠግናለች፤ አሁን በአንድ ርግጫ ትነሣለች። ሰኞ ለስብሰባ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርዱ ስለሰማሁ እሑድ ማታ በርዎ ላይ ትቆምልዎታለች። ከገጣጠምኳት በኋላ ግን አንዲት ትንሽ ብረት በእጄ ተርፋለች። የኋላውን ፍሬን የፈታው የሱፍ ነበር፤ የገጠምኩት ግን ብቻዬን ነው። መጽሐፉን ገልብጬ ባየው፣ ሥዕሉ ላይ ያለችበትን ቦታ ላገኝ አልቻልኩም። የምትገባበትን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እስኪመጣ ድረስ በተመለሰው ሰሐን ላይ አስቀምጫታለሁ። ካልመጣ ግን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ቀስ ይበሉ።